ትንሽ ርዳታ በሕዝብ እጅ ሲገባ

(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



 የበዓሉ አዘጋጆች «ለተማሪዎቹ ስለ ልማት ይንገሩልን» ባሉኝ ጊዜ፣ ልማት የሚለው ቃል ሰፊ ስለ ሆነ ከየትኛው ጫፍ እንደምጀምር አሰብሁ። ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በአውራ ጎዳናው ወደ ቡሬ የሚሄድ ሰው በ2013 ዓ.ም. የተመረቀውን የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያገኛል። እንዲህ ስላለው ትልቅ ሥራ ሬዲዮው ይናገራል፤ ባለሥልጣኖች ይመርቁታል፤ ፎቶግራፉም ይነሣል። ከዚያው ጎዳና ታጥፎ ሁለት ሰዓት ያህል በእግሩ የሚሄድ ሰው ግን በድንጋይና በሲሚንቶ የታነጸች አንዲት ምንጭ፣ ወይም በእንጨት አጥር የተከበበች አንዲት የእጅ ፓምፕ ሊያገኝ ይችላል። የእርሷን ፎቶግራፍ ለማንሣት የደከመ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለ እርሷ ነው፤ ይልቁንም እርሷን ስላስገኘው ትንሽ ገንዘብና ያን ገንዘብ ስለ ያዙት እጆች ነው።

ትንሽ ርዳታ ስል ምን ማለቴ እንደ ሆነ አስቀድሜ ላስረዳ። ብድር አይደለም፤ አይመለስምና። ምጽዋትም አይደለም፤ ምጽዋት የሚሰጠው ለአንድ ችግረኛ ነው፤ ሒሳብም አይጠየቅበትም። ትንሽ ርዳታ የሚባለው አንድ ጎጥ፣ አንድ ዕድር፣ አንድ የሴቶች ማኅበር ወይም አንድ የተማሪዎች ክበብ «ይህን ሥራ ልንሠራ ተስማምተናል፤ ጉልበቱና ድንጋዩ ከእኛ ነው፤ የጎደለን ይህ ነው» ብሎ በጽሑፍ ሲጠይቅ፣ የጎደለው ተለክቶ የሚሰጠው ገንዘብ ነው። ከመንግሥት ወይም ከውጭ አገር ድርጅት ሊመጣ ይችላል፤ ከከተማ ነዋሪ የአገር ልጆችም ሊመጣ ይችላል። ዋናው ነገር ገንዘቡ ከየት መጣ ሳይሆን በማን እጅ ወጣ የሚለው ነው።

የጎጃም ገበሬ ተባብሮ መሥራትን ከማንም በብድር አላገኘውም። ደቦ ጠርቶ ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ይወቃል። በወንፈል ተራ በተራ ይረዳዳል። ሰው ሲሞት ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራም ወንዱ ድንጋይ ያግዛል፣ ሴቷ ጠላውንና እንጀራውን ታቀርባለች። ይህን ሁሉ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ነገር ግን ደቦ ሲሚንቶ አይወልድም። አንድ ጎጥ ምንም ያህል ቢተባበር ብረት፣ ቧንቧና የፓምፕ ዕቃ ከማሳው ሊያበቅል አይችልም። ትንሹ ርዳታ የሚገባው በዚህች ክፍተት ውስጥ ነው። ከክፍተቷ ያነሰ እንደ ሆነ ሥራው ተጀምሮ ይቀራል። የበለጠ እንደ ሆነ ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ሊያደርገው ይችል የነበረውን ሁሉ በገንዘብ ይገዛና ደቦውን ያፈርሰዋል። በኔ አስተያየት ሁለተኛው ጥፋት ከመጀመሪያው የከፋ ነው።

አሳቡ አዲስ አይደለም። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን ለዚሁ ጉዳይ የሕዝባዊ ኑሮ ዕድገት ሚኒስቴር ተቋቁሞ ነበር። የጉራጌ ተወላጆች ከየሥራ ቦታቸው ገንዘብ አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ ማስቆፈራቸው የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የስዊድን መንግሥት በሰጠው ገንዘብ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየአውራጃው ሲሠሩ የየአገሩ ሕዝብም የወጪውን ድርሻ ያወጣ ነበር። ከአያቶቻችሁ መካከል በእንደዚያ ያለ ክፍል ፊደል የቈጠሩ አይጠፉም። ይህን ካልሁ በኋላ ለእኛ ቅርብ ወደ ሆነው ነገር ልለፍ።

እ.ኤ.አ. በ1994 የኢትዮጵያና የፊንላንድ መንግሥታት በአማራ ክልል የገጠር ውኃ አቅርቦትና አካባቢ ፕሮግራም ጀመሩ። ምዕራብ ጎጃምም ፕሮግራሙ ከሠራባቸው ዞኖች አንዱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአሠራሩ መንገድ የተለመደው ነበር። ሲሚንቶውንና ፓምፑን የሚገዛው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ግንበኛውን የሚቀጥረውም መሥሪያ ቤቱ ነው። ሕዝቡ ጉልበቱን ይሰጣል፤ ሥራው ሲያልቅም «ተረከቡ» ይባላል። የውኃ ኮሚቴ ተብለው የተመረጡት ሰዎች የሚጠብቁትን ዕቃ ዋጋ እንኳ አያውቁም ነበር። ፓምፑ ሲሰበር «የመንግሥት ፓምፕ ተሰበረ» ብለው ለወረዳው ማመልከታቸው በዚህ ምክንያት ነው። ሊፈረድባቸውም አይገባም፤ ያልገዙትን ዕቃ የእኔ ነው ማለት ለማንም ይከብዳልና።

እ.ኤ.አ. በ2003 ግን አሠራሩ ተገለበጠ። የማኅበረሰብ ልማት ፈንድ በተባለው በዚህ አዲስ መንገድ ገንዘቡ በቀጥታ ለጎጡ የውኃ ኮሚቴ ይሰጥ ጀመር። በዚያን ጊዜ በገጠር ባንክ ስላልነበረ ገንዘቡ የሚተላለፈው በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ነበር። ይህ ብዙዎቻችሁ አብቁተ በሚል ስሙ የምታውቁትና እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ጸደይ ባንክነት የተለወጠው ተቋም ነው። ኮሚቴው በስሙ ሒሳብ ይከፍታል፤ ሴቶችም እንዲገኙበት ደንቡ ያዝዛል። ጎጡ ከወጪው ቢያንስ 15 በመቶ የሚሆነውን በጉልበት፣ በድንጋይ፣ በአሸዋና በጥሬ ገንዘብ ያዋጣል። ከዚህም በላይ አንዲት አካፋ ከመነሣቷ በፊት ለጥገና የሚሆን ገንዘብ አዋጥቶ በሒሳቡ ማስቀመጥ አለበት። ከዚያ በኋላ ርዳታው በየደረጃው ይለቀቃል። ኮሚቴው ግንበኛውን ራሱ ይዋዋላል፤ ሲሚንቶውን ራሱ ገበያ ወጥቶ ይገዛል፤ የወረዳው የውኃ ባለሙያም ሥራው በልኩ መሠራቱን ይመረምራል።

ይህ ነገር ሲጀመር የተጠራጠሩ ብዙዎች ነበሩ። ፊደል ላልቈጠረ ገበሬ ይህን ያህል ብር እንዴት ይሰጣል? በልቶት ቢቀርስ? የሚል ነበር ጥርጣሬው። የሆነው ግን ሌላ ነው። የሥራው ፍጥነት ጨመረ። በፕሮግራሙ ላይ የተደረጉ ግምገማዎችም በዚህ መንገድ ከተሠሩት የውኃ ነጥቦች ከመቶው ከዘጠና የሚበልጡት አገልግሎት በመስጠት ላይ መሆናቸውን አሳዩ፤ በዚያው ዘመን በመላ አገሪቱ ካሉት የገጠር የውኃ ተቋማት ከአራቱ አንዱ ያህል ሥራ ያቆመ ነበር። ከ2003 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ አሠራሩ ወደ ሌሎች ክልሎችም እንዲስፋፋ ተደርጓል።

ገንዘቡ ያልተበላበት ምክንያት ገበሬው ከሌላው ሰው ይልቅ ጻድቅ ስለ ሆነ አይደለም። ገንዘብ ያዡ የሚኖረው ከባለገንዘቦቹ መካከል ስለ ሆነ ነው። እሑድ ከቅዳሴ ሲወጣ ይጠየቃል፤ ሐሙስ ገበያ ላይ ይጠየቃል፤ ሚስቱም ውኃ ስትቀዳ በጎረቤቶቿ ትጠየቃለች። በሩቅ ከተማ ያለ ሒሳብ ሹም ኦዲተር የሚመጣበት በዓመት አንድ ጊዜ ነው። የጎጥ ገንዘብ ያዥ ግን ኦዲተሩ በየማለዳው እንስራ ተሸክማ በደጁ ታልፋለች።

እዚህ ላይ ስለ ወቅት አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም፤ ምክንያቱም ብዙ መልካም ሥራ የሚበላሸው በሌብነት ሳይሆን በወቅት ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። ሐምሌ ደግሞ በእኛ አገር ላህ፣ ብርና ፈጣም የሚሞሉበት፣ መኪና ከአውራ ጎዳናው ከወጣ የማይመለስበት፣ ገበሬውም ከሞፈሩ ቀና የማይልበት ወር ነው። በጀቱ እስኪጸድቅ፣ ለየወረዳው እስኪከፋፈል፣ ጨረታው እስኪወጣ መስከረምና ጥቅምት ያልፋሉ። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው። እንግዲህ ለመቆፈር የሚቀሩት ከጥር እስከ ግንቦት ያሉት ወራት ናቸው። ሰኔ 30 ቀን ደግሞ ያልተሠራበት ገንዘብ ወደ መጣበት ይመለሳል። ስለዚህ አንዳንዱ ሹም በጀቱ እንዳይመለስበት ሲል በሰኔ ያስቆፍራል።

በሰኔ የተቆፈረ ጉድጓድ ደግሞ ይዋሻል። ዝናቡ ስለ ዘነበ በ5 ወይም በ6 ሜትር ውኃ ይፈልቃል፤ ቆፋሪው ደስ ብሎት ይወጣል፤ ፓምፑ ይተከላል፤ ይመረቃል። በሚያዝያ የመሬቱ ውኃ ወደ ታች ሲሸሽ ጉድጓዱ ደረቅ ሆኖ ይገኛል። ይህን ለማወቅ የውኃ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ የጎጡን ሽማግሌዎች መጠየቅ ይበቃል። የትኛው ምንጭ በሚያዝያ እንደሚደርቅና የትኛው ዓመቱን ሙሉ እንደሚፈስ ያውቃሉ። ውኃ መሸሽ በሚበዛበት በመጋቢትና በሚያዝያ የተቆፈረ ጉድጓድ ቢያንስ እውነቱን ይናገራል፤ በዚያን ጊዜ ውኃ ከሰጠ ዓመቱን ሙሉ ይሰጣልና። ገንዘቡ በኮሚቴው ሒሳብ ከተቀመጠ ኮሚቴው ትክክለኛውን ወር ሊጠብቅ ይችላል። ገንዘብን በሰዓቱ መያዝ መቻል ከመጠኑ የማይተናነስ ነገር መሆኑን ከዚህ ታያላችሁ።

ስለ ፓምፑም ጥቂት ልናገር፤ የሳይንስ ክበብ አባሎች ይህን እንደምትወዱት አውቃለሁ። በአገራችን በብዛት የተተከለው አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕ ነው። የተሠራበት አሳብ ፓምፑን የመንደሩ ሰው ራሱ እንዲጠግነው ነው። አብዛኛውን ሥራ በአንዲት መፍቻ መፈጸም ይቻላል። ቶሎ የሚያልቀው በውስጡ ያለው ጎማ ነው፤ እርሱም በፓምፑ ዋጋ ሲመዘን እዚህ ግባ የማይባል ዕቃ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ፓምፕ ከነሙሉ አካሉ በዚህች ጎማ ምክንያት ለወራት ቆሞ ሊገኝ ይችላል። ጎማውን ለመግዛት ገንዘብ፣ ገንዘቡን ለማውጣት ፊርማ፣ ለመፈረምም የተሰበሰበ ኮሚቴ ያስፈልጋልና። ፓምፑ በቆመበት በዚያ ሁሉ ወራት ውኃ የምትቀዳው ልጅ ወደ ወንዝ ትወርዳለች፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ደወል ሲደወልም ገና ዳገት ላይ ናት። መምህራኖቿ የሚያውቁት ማርፈዷን ነው።

እስቲ ለምሳሌ ያህል ሒሳቡን እናስላ። በአንድ የውኃ ነጥብ የሚጠቀሙ 50 ቤተ ሰቦች አሉ እንበል። እያንዳንዱ ቤተ ሰብ በወር 10 ብር ቢያዋጣ በወር 500 ብር፣ በዓመት 6,000 ብር ይሆናል። ማዋጣት የማይችሉ 5 ቤተ ሰቦች ቢኖሩና ጎጡ ይቅር ቢላቸው እንኳ 5,400 ብር ይቀራል። ይህ ገንዘብ አዲስ ጉድጓድ አያስቆፍርም፤ ጎማ ለመለወጥ፣ አጥር ለማደስና ለፓምፑ ጠባቂ ጥቂት ድጎማ ለመስጠት ግን ሊረዳ ይችላል። ደግሞም ይቅር የሚባሉት እነማን እንደ ሆኑ ጎጡ ራሱ ይወስን። ረዳት የሌላት አሮጊት ማን እንደ ሆነችና ድኻ መስሎ የሚቀርበውም ማን እንደ ሆነ ከጎረቤት የተሰወረ አይደለምና።

ከውኃ ሌላም አለ። የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ «ኩሳኖኔ» በሚባለው መርሐ ግብሩ ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያና ለውኃ ሥራ ርዳታ ይሰጣል፤ የቃሉም ትርጉም የሣር ሥር ማለት ነው። ለግንባታና ለዕቃ እንጂ ለደመወዝና ለዕለት ወጪ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረው የዓለም አቀፉ የአካባቢ ተቋም የአነስተኛ ርዳታ ፕሮግራምም ኢትዮጵያን ከሚረዳቸው አገሮች መካከል ያስገባታል። ይህኛው ለደን፣ ለአፈርና ለዘር ጥበቃ የቆመ ነው። ጠያቂውም የራሱን ድርሻ በገንዘብ ወይም በጉልበት እንዲያወጣ ይፈልጋል። አንዱ ከሌላው በደንብ ይለያይ እንጂ ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ጽሑፍ ነው።

የኔም ጭንቀት የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ትንሽ ርዳታ የሚያገኘው በጣም የተቸገረው ጎጥ ሳይሆን ጽሕፈት የሚችል ሰው ያለው ጎጥ ነው። ከአውራ ጎዳናው አጠገብ ያለው ጎጥ መምህር አለው፣ የግብርና ሠራተኛ አለው፣ ቅጹን የሚሞላለት ሰው አያጣም። ከወንዙ ማዶ ያለው ጎጥ ግን ችግሩ ቢበዛም ማመልከቻው አይደርስም። አንዳንዱ ቅጽ በእንግሊዝኛ ብቻ የተዘጋጀ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ፌዝ ይመስላል። ለድኻ ገበሬ የተመደበ ገንዘብ ድኻው ገበሬ በማያነበው ቋንቋ ሊጠየቅ ነው ማለት ነው። ሰጪዎቹ ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው። እስኪያስቡበት ድረስ ግን ከወንዙ ማዶ የመጣ፣ አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም የሚያነብ ሰው አለ። እርሱም በዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል።

ከገጠር መጥታችሁ በከተማው አንዲት ክፍል ለሦስት ተከራይታችሁ፣ ስንቃችሁን በየሳምንቱ ከቤት እያመጣችሁ የምትማሩ ተማሪዎች፤ ይህን የምናገረው በተለይ ለእናንተ ነው። ከእናንተ የሚፈለገው ገንዘብ አይደለም፤ እንደ ሌላችሁ አውቃለሁ። የሚፈለገው መዝገብ ነው። አሸዋ በአህያ የሚያመጣ ሰው ደረሰኝ የለውም፤ ድንጋይ የሚፈልጠውም የለውም። ርዳታ ሰጪው ደግሞ ያለ ደረሰኝ አይቀበልም። ብዙ ሐቀኛ ኮሚቴዎች «አጥፍታችኋል» የሚባሉት በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። በአንድ ወረቀት ላይ ቀኑን፣ የዕቃውን ዓይነትና መጠን፣ የተከፈለውን ብር ጽፎ ተቀባዩንና ሁለት ምስክሮችን ማስፈረም፣ መጻፍ የማይችለውን የጣት አሻራ ማስደረግ ነው። ለሲሚንቶና ለብረት ከሦስት ነጋዴዎች ፕሮፎርማ ማምጣት ያስፈልጋል። ኮሚቴው በተሰበሰበ ቁጥር ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ይህን ሁሉ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሊያደርገው ይችላል። ለአባቱ ጎጥም ከአንድ ኩንታል ሲሚንቶ ይበልጥ ይጠቅማል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። መዝገብ ያዥ መሆን አዛዥ መሆን አይደለም። ተማሪው ስለ ተማረ ብቻ ጉድጓዱ የት እንደሚቆፈር ልወስን ቢል ሥራው ይበላሻል። በተለይ ቦታው ሲመረጥ ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ይጠየቁ። በብዙ ስብሰባ ላይ የሚናገሩት ወንዶች ናቸው፤ ቦታውም ብዙ ጊዜ ከተናጋሪው ደጅ አጠገብ ይሆናል። እናቶቻችንና እኅቶቻችን ግን የትኛው መንገድ በክረምት እንደሚያዳልጥና የትኛው ጥሻ በማታ እንደሚያስፈራ ያውቃሉ።

«የውጭ ርዳታ ሕዝቡን ልመና ያስተምረዋል» የሚሉ አስተዋዮች አሉ። ነገሩ ከንቱ አይደለም። አንድ ድርጅት መጥቶ ለስብሰባ አበል የከፈለበት ቀበሌ ከዚያ ወዲያ ያለ አበል አይሰበሰብም፤ ይህን በብዙ ስፍራ አይተነዋል። ነገር ግን በዚህ ረገድ በርዳታና በርዳታ መካከል ልዩነት አለ። አስቀድሞ 15 በመቶውን ያወጣ፣ ለጥገናው ያጠራቀመ፣ ነጋዴ ለነጋዴ ዞሮ የሲሚንቶ ዋጋ የተከራከረ ገበሬ ለማኝ ሆነ ብሎ የሚናገር ሰው ገበሬውን ከቅርብ አላየውም። እንዲያውም ያ ኮሚቴ በሚቀጥለው ዓመት ለትምህርት ቤቱ አጥር፣ ከዚያም ለክረምት መሻገሪያ ድልድይ ሊነሣ ይችላል። ሒሳብ መክፈትን፣ ውል መዋዋልንና መቆጣጠርን ተምሯልና።

ወላጆች ሆይ፤ ያለንበትን ዘመን ሳላነሣ ባልፍ የደበቅሁ ይመስላል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት በሺህ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ መንገድም ብዙ ጊዜ ይቋረጥ ነበር። መንገድ ሲቋረጥ የወረዳው ባለሙያ ወደ ጎጥ ሊወርድ፣ መለዋወጫም ከባሕር ዳር ሊመጣ አይችልም። በዚህን ጊዜ ፓምፑ የሚሠራለት ጎጥ መፍቻው በጠባቂው ቤት፣ ሁለት ጎማዎች በሣጥን፣ ጥቂት ብርም በገንዘብ ያዡ እጅ ያለው ጎጥ ነው። ትልቅ ሥራ ሰላምን ይፈልጋል፤ ያለ ሰላም ፋብሪካ አይቆምም። ትንሹ ሥራ ግን ባለቤቱ ከአጠገቡ ስላለ ሰላም እስኪመለስ ሊቆይ ይችላል። የዚህ ከተማ ስም የሰላም መንገድ ማለት እንደ ሆነ ታውቃላችሁ፤ መንገዱ ለሁላችንም እንዲከፈት እግዚአብሔርን እለምናለሁ።

ጊዜያችሁን እንዳላባክን ወደ ሥራው ልግባ። አንድ የናሙና መዝገብ አዘጋጅቼ ለቤተ መጻሕፍቱ አስረክቤአለሁ። አራት ገጾች ብቻ አሉት። በመጀመሪያው የኮሚቴው አባሎች ስምና ፊርማ፣ በሁለተኛው የገቢና የወጪ ሒሳብ፣ በሦስተኛው የዕቃ ዝርዝር፣ በአራተኛው ደግሞ የፓምፑ የጥገና ታሪክ ይጻፋል፤ ይኸውም መቼ ተሰበረ፣ ምኑ ተለወጠ፣ በስንት ብር፣ ስንት ቀን ቆመ የሚለው ነው። ማናችሁም ልትገለብጡት ትችላላችሁ። በዚህ ሳምንት ስንቅ ለማምጣት ወደ ቤት የምትሄዱ ተማሪዎች የጎጣችሁን የውኃ ኮሚቴ ሊቀ መንበር አግኝታችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ፓምፑ ወይም ምንጩ ይሠራል ወይ? በሒሳቡ ስንት ብር አለ? መፍቻው ያለው በማን ቤት ነው? መልሱን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ሰኞ ጠዋት ለጂኦግራፊ መምህራችሁ ስጡ፤ እርሳቸውም በካርታ ላይ ሊያሰፍሩት ፈቃደኛ ሆነዋል። ኮሚቴ የሌለው ጎጥ ካለ ስሙን ከታች በቀይ ቀለም ጻፉት።